ፀሐይ የማታየው የጓሮ ግድግዳ ምን ሐረግ ይልበስ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ ነው። የቤታችን ጀርባ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው፤ ከጎረቤት አጥር ጋር ያለው ክፍተት ሁለት ሜትር ብቻ ነው። ግድግዳው ዘጠኝ ሜትር ይረዝማል። ስድስቱ ሜትር ተለስኖ ቀለም የተቀባ ብሎኬት ነው፤ የቀረው ወጥ ቤቱ ሲሆን እሱ ጭቃ ነው። በበጋ ጠዋት ጠዋት እዚያ መቆም አይቻልም፣ ይቀዘቅዛል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ግድግዳው አረንጓዴ ይሆናል። ቡገንቪላ ተክለን ረዘመ እንጂ አላበበም። ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩት ለቀዝቃዛ ሰሜናዊ ግድግዳ ተሳቢ ሃይድራንጃ ወይም አይቪ የሚባል ሐረግ ይላል። ብርድ የሚችል፣ ቅጠሉ የማይረግፍ ምን ልትከል? እናቴ በበኩሏ ሐረግ እባብ ይጠራል ትላለች።»

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ አጭሩን አስቀድሜ ልንገርዎት። ለብሎኬቱ ፊከስ ፑሚላ የሚባለውን ራሱን የሚለጥፍ ሐረግ፣ ለጭቃው ደግሞ ከግድግዳው ራቅ ብሎ በተወጠረ ሽቦ ላይ የሚወጣ ተምበለል ይትከሉ። ሃይድራንጃውን ይርሱት። ያነበቡት ምክር ውሸት ሆኖ አይደለም፤ ለሌላ ሰማይ የተጻፈ ስለሆነ ነው።

አውሮፓ ውስጥ የቀትር ፀሐይ አሥራ ሁለቱንም ወር በደቡብ በኩል ናት፤ እዚያ ሰሜናዊ ግድግዳ ማለት ቀትርን ጨርሶ የማያውቅ ግድግዳ ነው። ጅማ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ በአናታችን ላይ ወዲያና ወዲህ ትመላለሳለች። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በቀትር ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ትመለሳለች። ስለዚህ ግድግዳዎ ቀጥተኛ ፀሐይ ጭራሽ የማያገኘው ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ነው። በሰኔና በሐምሌ ተራው ሲደርሰው ደግሞ ሰማዩ ዳመና ነው። ዳመናው በተገለጠ ቀን እንኳ የሰኔ የቀትር ፀሐይ 74 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትሆናለች፤ እናም 60 ሳንቲሜትር ወጣ ያለ የቆርቆሮ ክፈፍ የግድግዳውን የላይኛውን ሁለት ሜትር ያጠላዋል። የታችኛውን ደግሞ ጠዋትና ማታ፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ የጎረቤት አጥር ያጠላዋል።

ከዚህ የምንረዳው ቦታው ሁለት ጠባይ እንዳለው ነው። በበጋ ድንግዝግዝና ደረቅ፣ በክረምት ድንግዝግዝና ርጥብ። የሚተከለው ነገር ሁለቱንም መቻል አለበት። ቡገንቪላዎ የረዘመው ብርሃን ፍለጋ ነው፤ ያለ በቂ ፀሐይ አያብብም፣ ማዳበሪያ ቢጨምሩለትም ቅጠልና እሾህ ብቻ ነው የሚጨምርልዎት። ቁራጩን ወስደው ፊት ለፊት፣ ፀሐይ በሚያገኘው አጥር ላይ ይትከሉት፤ እናቱን ይንቀሉት።

ስለ ብርዱ አይስጉ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ትገኛለች። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ንጋቶች ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ቀን አለ፤ በተለይ ወደ ቦዬ ረግረግ ያዘቀዘቀ ግቢ ቀዝቃዛው አየር ሌሊት ስለሚተኛበት ከጅሬን ዳገት የባሰ ይሆናል። ይህ ግን ልብስ የሚያስደርብ ብርድ እንጂ እንደ ደብረ ብርሃን ቅጠል የሚያቃጥል ውርጭ አይደለም። ተሳቢው ሃይድራንጃ የጃፓንና የኮሪያ ተራሮች ተክል ነው፤ ረጅም ቀዝቃዛ ወቅት ተኝቶ ካልከረመ ጥሩ አድርጎ አይነቃም። እኛ ዘንድ እንቅልፉን የሚያስተኛው ብርድ የለም። ቅጠሉ በመጸው ይቀላል የሚባልለት ቨርጂኒያ ክሪፐርም እንደዚሁ ነው፦ የጅማ ረጅሙና አጭሩ ቀን ልዩነታቸው ከአንድ ሰዓት ስለሚያንስ፣ ወቅቱን የሚነግረው ነገር አጥቶ ግራ እንደተጋባ ይኖራል። ደግሞም እርስዎ የማይረግፍ ነው ያሉት።

እኔን ከብርዱ ይልቅ ያሳሰበኝ «አረንጓዴ ይሆናል» ያሉት ነው።

ችግኝ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ከሰዓት ለግድግዳው ይስጡ። የመዶሻ እጀታ ወይም የጣትዎን አንጓ ይዘው ልስኑን ከታች ጀምረው ወደ ላይ እየቆረቆሩ ይሂዱ። ደንደን ያለ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ብሎኬቱን ይዟል። እንደ ባዶ ጀሪካን ከጮኸ ለቋል ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ሐረግ ቢለጠፍ ሐረጉም ልስኑም አንድ ቀን አብረው ይወርዳሉ። ቀጥሎ በቁልፍ ጫፍ ይፋቁት። እንደ አሸዋ ከተፈረፈረ ሲሚንቶው ደካማ ነበር። በመጨረሻ አረንጓዴው የት የት እንዳለ ይዩ። ከመሬት እስከ ጉልበት ብቻ ከሆነ ከክፈፉ የሚወርደው ውኃ መሬት እየመታ የሚረጨው ነው፤ መድኃኒቱ አሸንዳ ነው። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች በመስመር ከወረደ ቆርቆሮው ወይም ምስማሩ ያፈሳል፤ መድኃኒቱ ቆርቆሮ ሠሪ ነው። ከውስጥ በኩልም ያንኑ ቦታ ላይ ቀለሙ አብጦ ከሆነ ርጥበቱ በመሠረቱ በኩል እየወጣ ነው። ይህ ሳይስተካከል ማንኛውንም ሐረግ ማልበስ ርጥቡን ሰው ብርድ ልብስ እንደማከናነብ ነው፤ ይሸፍነዋል፣ አያደርቀውም።

አሸንዳውን በእርግጥ ያሰቅሉ። ሐረግ ባይተክሉም ያሰቅሉት።

አሁን ወደ ፊከስ ፑሚላ። ይህ ከሾላና ከዋርካ ወገን ነው ብል አያምኑኝም፤ ቅጠሉ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል፣ ግድግዳ ላይ እንደ ሥዕል የሚለጠፍ ሐረግ ነው። አገሩ ምሥራቅ እስያ ነው። ከግንዱ ጀርባ በሚያወጣቸው ጥቃቅን ሥሮች እየያዘ ስለሚወጣ ሽቦ አይፈልግም። ጥላ ይችላል፣ ቅጠሉ አይረግፍም፣ ቀላል ውርጭ እንኳ ቢመጣ አይሞትም። ከግድግዳው የሚርቀው በጣት ስፋት ብቻ በመሆኑ የሁለት ሜትር መተላለፊያዎን አይሻማም፤ ለእርስዎ የመረጥኩት በዋናነት ለዚህ ነው።

ሰው የሚሳሳተው በመጀመሪያው ወር ነው። ከችግኝ ጣቢያ ሲመጣ አንድ ክንድ የሚያህሉ ሦስት አራት ዘለላዎች ይኖሩታል፤ ባለቤቱ እነዚያን በምስማርና በክር ግድግዳው ላይ ይዘረጋቸዋል፣ ከዚያ «አልያዘም» ይላል። አይይዝም። የሚለጠፈው አዲስ የሚያድገው ጫፍ ብቻ ነው፤ ያረጀ ግንድ ወይም አንዴ ተላቆ የነበረ ዘለላ ዳግመኛ ሥር አውጥቶ አይያዝም። ስለዚህ በተከሉ ማግሥት ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል አስቀርተው ይቁረጡት። አንጀትዎ አይችልም ይሆናል፤ ግን ይቁረጡት። ከዚያ የሚፈልቀው ቡቃያ ግድግዳውን እየነካ ይወጣና ራሱን ይለጥፋል። የመጀመሪያው ዓመት እድገቱ ያበሳጫል፤ ሥር ካበጀ በኋላ ግን የሚያቆመው መቀስ ብቻ ነው።

ቀለሙም ነገር አለው። ግድግዳዎ በኖራ የተቀባ ከሆነ ኖራው ሲቦን ሐረጉ አብሮ ይፈታል፤ በብረት ብሩሽ ይፈግፍጉት። የፕላስቲክ ቀለም ከሆነና የተላላጠ ከሌለ ይሁን፣ ይይዛል። ግን አንድ ነገር ቁርጥ አድርገው ይወቁ፦ ፊከስ የለበሰ ግድግዳ ዳግመኛ ቀለም አይቀባም። ሐረጉን ያነሱ ዕለት የሥሮቹ አሻራ እንደ ጉንዳን መንገድ ተጣብቆ ይቀራል፣ ቀለሙንም ይዞ ይላጣል። ይህን ከጠሉ፣ ብሎኬቱም ላይ ተምበለሉን በሽቦ ይጠቀሙ።

ጭቃው ግድግዳ ላይ ግን ፊከስም ሆነ አይቪ እንዳይደርስ። ጭቃና ጭድ ለጥቃቅን ሥር ምግብ ነው፤ ይገቡበታል፣ ርጥበት ይይዙበታል፣ ምርጊቱን ያላሉታል። ከሁሉ የሚከፋው ምስጥ ነው። ምስጥ የአፈር መተላለፊያውን በግድግዳው ላይ ስትሠራ በባዶ ግድግዳ ላይ በማግሥቱ ያዩታል፤ በሐረግ ሥር ግን ማገሩን በልታ እስክትጨርስ አያዩም።

ለዚያ ክፍል ተምበለል ነው። የአገራችን ተክል ነው፤ በጅማ ዙሪያም በደን ዳርና በቡና ጫካ ጠርዝ ላይ ዛፍ ተጠምጥሞ ይገኛል። ማለትም ዛፍ ያጠላው፣ ጠዋት የሚቀዘቅዝ፣ በክረምት የሚረጥብ ቦታ ተወልዶ ያደገበት ነው። ግንዱ ይጠነክራል፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ ነው፣ አበባው ነጭ ሆኖ እምቡጡ ከውጭ ሮዝ ቀለም ይነካዋል፣ ሽታው ደግሞ ምሽት ላይ ግቢውን ያዳርሳል። ንብም ትወደዋለች። አልዋሽዎትም፣ በእርስዎ ጥላ ውስጥ ፀሐይ ላይ እንዳለው አያብብም። አበባው ወደ ላይኛው ጫፍ፣ ብርሃን ወደሚያገኝበት ይሸሻል። የተጠየቅሁት ግን አረንጓዴ ግድግዳ ነውና በዚህ አይከፋኝም።

ችግሩ ማግኘቱ ነው። የውጭ አበቦች የሚሸጥ ችግኝ ጣቢያ ሁሉ ተምበለል አይዝም። ቡና ያለው ዘመድ ካለዎት ባለቤቱን አስፈቅደው ከጠርዙ ላይ አንድ ዘለላ ሥር ማስያዝ ይችላሉ፤ ከነሥሩ መንቀል አያስፈልግም፣ አይጸድቅምም። ዝቅ ያለ ዘለላ ይምረጡ፣ ከታች ጎኑ ልጡን በቢላ ትንሽ ይፋቁ፣ የተፋቀውን ቦታ በአራት ጣት ጥልቀት አፈር ውስጥ ቀብረው ድንጋይ ይጫኑበት። ዝናብ በያዘበት ወቅት ከተሠራ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥር ያወጣል። ጎትተው ሲሞክሩት እምቢ ካለ ከእናቱ ይቁረጡት።

ሲለቅሙ ግን እንዳይሳሳቱ። የተምበለል ቅጠል በአንድ እግር ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የሚበቅለው፣ ቅጠሎቹም በግንዱ ላይ ፊት ለፊት ትይዩ ናቸው፤ ፍሬው ጥቁር፣ ብዙ ጊዜም መንታ ነው። ዘለላውን ሲቆርጡ ነጭ ወተት ከፈሰሰ ተምበለል አይደለም፤ በደናችን ውስጥ ነጭና ሽታ ያለው አበባ የሚያወጡ ባለ ወተት ሐረጎች አሉ። የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ከሆነና የቅጠሉ እግር ራሱ እንጨቱን ከተጠመጠመ ደግሞ የአዞ ሐረግ ነው። የአዞ ሐረግም አገር በቀል ነው፣ ጥላም ይችላል። ግን ጭማቂው ቆዳ ያቆስላል፣ እድገቱም ለደን እንጂ ለሁለት ሜትር መተላለፊያ አይሆንም። ልጆች በሚሮጡበት ጓሮ አላስገባውም።

አይቪን በሦስተኛነት አስቀምጠዋለሁ። ጥላ በመቻል ማንም አይበልጠውም፤ ጤነኛ የድንጋይ ግንብ ቢኖርዎት እሱን እመርጥልዎት ነበር። የተሰነጠቀ ልስን ላይ ግን ሥሩ ስንጥቁን ይገባበትና እየወፈረ ያሰፋዋል፤ አድጎ ሲያብብ የሚያፈራው ፍሬም መርዛማ ነው። ሃኒሳክል በከፊል ጥላ ይሆናል፣ ከታች ግን እየተራቆተ ደረቅ እንጨት ያሳያል። ሞንስቴራ እንደ ዝሆን ጆሮ የሰፋ ቅጠሉን ዘርግቶ መንገዱን ይይዝብዎታል። ቁንዶ በርበሬም ይነሣ ይሆናል፤ ቴፒና በበቃ በኩል ዛፍ ላይ ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። እዚያ ዝቅ ያለና ሞቃት አገር ነው። ብርድ በእውነት ከሚጎዳቸው አንዱ እሱ ነው፤ በእርስዎ ግድግዳ ላይ አይሞክሩት።

ተከላው። ጊዜው ሰኔ ነው፣ ቡና ችግኝ በሚወጣበት ሰሞን። ሥሩ እስከ መስከረም ድረስ ዝናብ ስለሚያገኝ በጋውን ተዘጋጅቶ ይቀበለዋል። ብዙ ሰው ሐረግ ሲተክል ግድግዳውን አስጠግቶ ነው። ክፈፍ ሥር ያለ አፈር ግን በሐምሌ እንኳ ደረቅ ነው፤ እጅዎን ቢያስገቡ አቧራ ነው የሚያገኙት። በተቃራኒው ጠብታው የሚወርድበት መስመር ላይ ከተከሉት ውኃው አፈሩን ጠርጎ ሥሩን ያራቁተዋል። ትክክለኛው ቦታ ከጠብታው መስመር አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ነው፤ ችግኙን ወደ ግድግዳው ዘንበል ያድርጉትና በአጭር ሸምበቆ ይምሩት። አሸንዳ ካሰቀሉ ከግድግዳው በ40 ሳንቲሜትር ርቀት ይትከሉ፤ ግን በጋውን በእጅ ያጠጡታል ማለት ነው።

ጉድጓዱ በሁሉም አቅጣጫ 50 ሳንቲሜትር ይሁን። ሲቆፍሩ ቤቱ ሲሠራ የተቀበረ የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ የኖራ ጓል፣ የብሎኬት ስብርባሪ ያገኛሉ፤ ሁሉንም አውጥተው ከሌላ ቦታ ያመጡትን ቀይ አፈር ይመልሱበት። የጅማ ቀይ አፈር ጥሩ ነው፣ ውኃም አያቁርም። የቡና ገለፈት በነፃ ስለሚገኝ ትኩሱን ጉድጓድ ውስጥ መሙላት ልማድ ሆኗል። ትኩስ ገለፈት ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል፣ ይሞቃልም፤ ችግኙ ይገረጣል። ከፍግ ጋር ደርበው ጥቂት ወራት ያብላሉት። ጥቁር ሆኖ የአፈር ሽታ ሲሸት አንዱን እጅ ከሦስት እጅ አፈር ጋር ያዋሕዱ።

ለስድስቱ ሜትር አራት ወይም አምስት የፊከስ ችግኝ ይበቃል። ለወጥ ቤቱ ሁለት ተምበለል፤ አንዱ ቢሞት አንዱ ይኖራል። ለእሱ ሁለት የቱቦላሬ ምሰሶ ከጭቃው ግድግዳ 50 ሳንቲሜትር አርቀው በኮንክሪት ይትከሉ፤ ምርጊት የሚደረግበት ቀን ሲመጣ ሰው ከኋላ ገብቶ መሥራት አለበት። የባህር ዛፍ እንጨት ርካሽ ነው፣ ግን መሬት የገባውን ጫፍ ምስጥ ትጨርሰዋለች። በምሰሶዎቹ መካከል 3 ሚሊሜትር ጋልቫናይዝድ ሽቦ በየ40 ሳንቲሜትሩ ይወጠር። ተምበለል ራሱ ይጠመጠማል፤ መጀመሪያ ላይ ብቻ በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርገው ይሰሩት፣ በሽቦ አይሰሩት። የወጥ ቤቱ ጭስ መውጫ ፊት ለፊት ግን ባዶ ይተዉ። ጭሱ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፣ የደረቀ ቅጠልም ለእሳት ቅርብ መሆን የለበትም።

በመጀመሪያው በጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ችግኝ አንድ ባልዲ። ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ከማርከፍከፍ ይህ ይሻላል፣ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ቅጠሉ ካልጠወለገ አያስፈልገውም።

የፊከስ መቀስ በዓመት ሁለት ሦስቴ ነው። ወደ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ጠባዩን ይለውጣል፦ ወፍራም ቅርንጫፍ ከግድግዳው ወደ ውጭ ያወጣል፣ ቅጠሉ ይተልቃል፣ በለስ የመሰለ ፍሬ ይይዛል። እነዚያን ከሥር ከሥራቸው ይቁረጡ። ከክፈፉ በታች 30 ሳንቲሜትር ላይ ምናባዊ መስመር አስምረው ከዚያ በላይ አያሳልፉት፤ ካለፈ ቆርቆሮ ሥር ይገባና ኮርኒስ ውስጥ ያገኙታል። ሲቆርጡ የሚወጣው ወተት ያሳክካል፣ ጓንት ያድርጉ። ተምበለሉን ደግሞ አብቦ ሲጨርስ ያሳጥሩት።

ስለ እናትዎ። እባብ ሐረግ ብሎ አይመጣም፤ አይጥና እንቁራሪት ብሎ፣ መደበቂያም ብሎ ነው የሚመጣው። ከመሬት እስከ 40 ሳንቲሜትር ድረስ የሐረጉን ግንድ ቅጠል አልባ ያድርጉት፣ ከታች ያለውን መተላለፊያ ሣርና የእንጨት ክምር አያስቀሩበት፣ ጠጠር ቢያለብሱት ደግሞ የሚረጨውንም ጭቃ ያስቀርልዎታል። እናትዎ ከበሩ ቆመው ከዳር እስከ ዳር ወለሉን ማየት ከቻሉ የሚፈሩት ነገር የሚተኛበት ቦታ የለውም። ጎረቤትዎንም ከመትከልዎ በፊት ያነጋግሩ፤ ፊከስ የእሳቸውን አጥር ከነካ ፈቃድ ሳይጠይቅ ይሻገራል።